የአንባቢ ጥያቄዎች፦ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ቴሌግራም፣ ፋይዳ እና አዳዲስ ቺፖች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው በኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር (የፕሮግራሙ ጽሑፍ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ)፣ በግል መረጃና ገበያ ላይ በወጡ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ዙሪያ ናቸው። አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ። «እ.ኤ.አ.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ደሴ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሦስቱም ኮምፒውተሮቼ ዊንዶውስ 10 ናቸው። ቴክኒሻኑ «ጊዜያቸው አልፏል፣ አዲስ ግዛ» ይለኛል። ሌላው ደግሞ ሊኑክስ ጫንበት ይላል። የፓወር ግዕዝ ፋይሎቼስ ምን ይሆናሉ?

ቴክኒሻንዎ ግማሹን ልክ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ማሽኑ መሥራቱን ይቀጥላል፤ አዲስ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ ግን እንደ ድሮው የሚደፍንልዎት የለም። የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ተዘጋጅቷል፤ እሱም ጊዜ ከመግዛት አያልፍም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና በግምት እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰር ነው። በዚህ መስፈርት ብዙ ደህና ማሽን ውጭ ይቀራል። ዲስኩ ጤነኛ የሆነ፣ ራሙ (የሥራ ሜሞሪው) 8 ጊጋባይት የሆነ ኮምፒውተር በዚህ ምክንያት ብቻ ይጣል በሚለው አልስማማም።

ሊኑክስ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነፃ፣ ኦፕን ሶርስ ሥርዓት ነው፤ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን እትሙን ይሞክሩ። ግን ወዲያው ፎርማት አያድርጉ። በፍላሽ ላይ ተደርጎ ሳይጫን መነሳት ይችላል። ፕሪንተሩና ስካነሩ ይሠሩ እንደሆነ በዚያው ይፈትሹ፤ የእርስዎን ቤት የሚያኖረው ፕሪንተሩ ነውና። ደንበኛ የሚያመጣው የዎርድ ፋይል ሊብሬ ኦፊስ በሚባለው ነፃ የጽሑፍ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ይከፈታል። ሠንጠረዥ የበዛበት ግን ሊዛነፍ ይችላል። ስለዚህ እኔ ብሆን ሁለቱን ቀይሬ አንዱን በዊንዶውስ፣ ከኢንተርኔት አውጥቼ አቆያለሁ።

የድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፋይሎች ግን ከሁሉም በላይ ያሳስቡኛል። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ለፊደላት የሚጠቀሙበት የጋራ መለያ) ባልሆነ ፎንት የተጻፉ ከሆነ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የግዕዝ ፊደል አይደለም። ሌላ ምልክት ነው፤ አማርኛ አስመስሎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ዝብርቅርቁ ይወጣል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሊኑክስ ጫኑም አልጫኑ፣ የሚፈልጓቸውን ፋይሎች ፎንቱ በእጅዎ እያለ ወደ ዩኒኮድ ያስቀይሩ። ለአዲስ ጽሑፍ ኪማን የሚባለው ኦፕን ሶርስ የኪቦርድ ፕሮግራም በዊንዶውስም በሊኑክስም አማርኛ ያስጽፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዊንዶውስን በክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት፣ የሚያነቁ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላሉ። የሰው ፓስፖርት፣ ውልና የትምህርት ማስረጃ በሚያልፍበት ማሽን ላይ፣ ማን እንደጻፈው ለማይታወቅ ፕሮግራም ሙሉ ሥልጣን እየሰጡ ነው። ሊኑክስን እንዲያስቡበት የምወተውተው በዋጋው የተነሳ ብቻ አይደለም።

ጅማ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የኦፕን ሶርስ ኮድ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ለሌባውም ክፍት ነው። ታዲያ እንዴት የተሻለ ደህንነት አለው ይባላል?

ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ «ብዙ ሰው ስለሚያየው ችግር የለውም» የሚሉህንም አትመን። በመጋቢት 2016 የተጋለጠውን የኤክስዜድ ጉዳይ ተመልከት። ኤክስዜድ ፋይል የሚያጨምቅ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ በአብዛኛው ሊኑክስ ውስጥ አለ። በፈቃደኝነት የሚያለማው በዋናነት አንድ የደከመው ሰው ነበር። ራሱን ጂያ ታን ብሎ የሚጠራ ተባባሪ ከሁለት ዓመት በላይ እየረዳ አመኔታ አገኘ። ከዚያ ሰርቨሮችን (ብዙ ሰው በኔትወርክ የሚገለገልባቸውን ኮምፒውተሮች) ከሩቅ ለመክፈት የሚያስችል ስውር በር ከተተበት።

የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ነው። ወደ ሰርቨር መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ ልብ አለ። ለምን ብሎ ቆፍሮ ቆፍሮ ስውሩን በር አገኘው። ተንኮሉ ገና በሙከራ ላይ ባሉ የሊኑክስ እትሞች ውስጥ እያለ ተያዘ፤ ሰፊው ሕዝብ ዘንድ ሳይደርስ ቆመ።

ኮዱ ዝግ ቢሆን ፍሮይንድ ያን መዘግየት አይቶ ምክንያቱን ራሱ የሚቆፍርበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነበር። ክፍትነት ያስገኘው ይህን ነው፤ ማንም ሳይፈቅድለት የመመርመር መብት። ያላስገኘው ደግሞ መርማሪውን ነው። ለዚያ ጊዜና ገንዘብ ያስፈልጋል። በኦፕን ሶርስ ቢሊዮኖች የሚያተርፉ ኩባንያዎች እንዲህ ዓይነቱን ብቸኛ ሰው ሳይከፍሉ መጠቀማቸው ያናድደኛል። አንተ ተማሪ እያለህ አንድ ትንሽ ፕሮጀክት መርጠህ ኮዱን ማንበብ ብትጀምር፣ ስህተት ባታገኝ እንኳ ትምህርቱ ይተርፍሃል።

ጅዳ ነው የምኖረው። የቤተሰባችን ግሩፕ በቴሌግራም ነው። የፓስፖርት ኮፒ፣ የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ፎቶ፣ የባንክ ደረሰኝ ሁሉ እዚያ እንላላካለን። ቴሌግራም ሚስጥር ይጠብቃል ሲባል እሰማለሁ፤ እውነት ነው?

እህቴ፣ በግሩፕ ላይ ያለው እንደሚወራው አይደለም። ላኪና ተቀባይ ብቻ የሚያነቡት መልእክት በቴሌግራም ያለው «ሚስጥራዊ ቻት» በሚባለው ውስጥ ነው። እሱም ለሁለት ሰው ብቻ ነው፤ አንቺ ራስሽ ካልከፈትሽው በራሱ አይመጣም። ግሩፕና ተራው ቻት የሚቀመጡት በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው፤ ቁልፉም በኩባንያው እጅ ነው። የስልኩ አፕ ኮድ ክፍት ነው፤ የሰርቨሩ ግን ዝግ ነው። በመስከረም 2017 ደግሞ ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የተጠቃሚን ስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ ለባለሥልጣናት እንደሚሰጥ በደንቡ ላይ አሰፈረ።

ዋትስአፕ በዚህ ይሻላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መልእክቱ በግሩፕም ቢሆን የተቆለፈ ነው። ማን ከማን ጋር መቼ እንዳወራ ግን ባለቤቱ ሜታ ማየት ይችላል። ለሰነድ የምመርጠው ሲግናል የሚባለውን የመልእክት አፕ ነው። ኮዱ ክፍት ነው፤ የሚያስተዳድረውም ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ፍርድ ቤት የተጠቃሚ መረጃ ሲጠይቀው ሊሰጥ የቻለው አካውንቱ የተከፈተበትንና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን ጊዜ ብቻ ነበር። ሌላ አልነበረውም።

ቤተሰቡን በሙሉ ከቴሌግራም ማስወጣት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰላምታውና ፎቶው እዚያው ይቀጥል። ሰነዱን ግን በሲግናል፣ ራሱን በሚያጠፋ መልእክት ላኪ። እስካሁን ግሩፑ ላይ የተላኩትን ፓስፖርቶች ዛሬ ማታ አጥፉ።

ፋይዳ ስመዘገብ አሻራዬንና የዓይኔን ምስል ሰጥቻለሁ። ሶፍትዌሩ ኦፕን ሶርስ ነው አሉኝ። መረጃዬም ክፍት ነው ማለት ነው?

አይደለም። ፋይዳ የተገነባው ሞሲፕ በሚባል መድረክ ላይ ነው። ሞሲፕ ሕንድ፣ ባንጋሎር ውስጥ ባለ የትምህርት ተቋም የተጀመረ ሲሆን ፊሊፒንስና ሞሮኮም ይጠቀሙበታል። ክፍት የሆነው ኮዱ ነው። የካዝና አሠራር ንድፍ ሁሉም ሊያየው ይችላል፤ ካዝናው ውስጥ ያለው ግን አይታይም። አገራችን በአንድ ኩባንያ ዝግ ሥርዓት ከመታሰር ይህን መምረጧ ትክክል ነው እላለሁ።

ይሁንና ኮዱ ክፍት መሆኑ ሰርቨሩ ላይ ማን ምን እንደሚያይ አይነግረንም። ለዚያ ገለልተኛ ምርመራና ውጤቱን ለሕዝብ መግለጽ ያስፈልጋል። ፓስወርድ ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ዓይን አይቀየርም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ መረጃዎን የያዘ አካል ምን እንደያዘ የመጠየቅ መብት ይሰጥዎታል። ይጠቀሙበት።

በዕለት ተዕለት ግን የበለጠ የሚያሰጋኝ ማተሚያ ቤቱ ነው። ካርዱን ለማሳተም ፋይሉን በቴሌግራም እንልካለን፤ እዚያ ዴስክቶፕ ላይ ስንት ወር እንደሚቀመጥ አንጠይቅም። ሲታተምልዎት ቆመው ያስጠፉት። ከቻቱም ለሁለታችሁም እንዲጠፋ አድርገው ይሰርዙት።

ላፕቶፕ ልገዛ ነው። ሻጩ «ይሄ ኤአይ ፒሲ ነው፣ ኤንፒዩ አለው» ብሎ ዋጋውን ሰቀለብኝ። ያስፈልገኛል?

ለጽሑፍ፣ ለሂሳብና ለኢንተርኔት ከሆነ አያስፈልግም። ኤንፒዩ የኤአይ ስሌትን በትንሽ ባትሪ የሚሠራ ክፍል ነው። ማይክሮሶፍት «ኮፓይለት ፕላስ» የሚለውን ስም ለመስጠት በሰከንድ 40 ትሪሊዮን ስሌት ይጠይቃል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ኤአይው ማሽንህ ላይ ከሠራ ጽሑፍህ ወደ ሌላ ሰው ሰርቨር አይሄድም። ግን እነዚሁ ማሽኖች ይዘውት የመጡት «ሪኮል» በየጥቂት ሰከንዱ የስክሪንህን ምስል እያነሳ የሚያስቀምጥ ነው። በግንቦት 2016 ሲታወጅ ቁጣ ቀሰቀሰ፤ ዘግይቶ በ2017 ሲወጣ ተጠቃሚው ራሱ ካልፈቀደ እንዳይሠራ ተደርጓል። ማሽኑን ከገዛህ እንደጠፋ ተወው።

ገንዘብህን ራም ላይ አውል። ለኤአይ ዳታ ሴንተሮች ከሚገዛው ብዛት የተነሳ የሜሞሪ ዋጋ በዓለም ገበያ ንሯል። ስለዚህ ራሙ ሊቀየር የሚችል ነው ወይስ ቦርዱ ላይ የተበየደ ብለህ ጠይቅ። ከተበየደ የገዛኸው መጠን እስከ መጨረሻው ያው ነው።

ሪስክ ፋይቭ ምንድን ነው? ከአሁኑ ልማረው?

ፕሮሰሰር የሚታዘዝባቸው መመሪያዎች ስብስብ ነው። በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2010 ተጀመረ። አርም የተባለው የቺፕ ንድፍ ኩባንያ የራሱን መመሪያዎች ፈቃድ ይሸጣል፤ ይህን ግን ማንም ያለ ክፍያ ተጠቅሞ ቺፕ መንደፍ ይችላል። ለዕለት ላፕቶፕ ገና ነው። ለመማር ግን በነሐሴ 2016 የወጣው ራዝቤሪ ፓይ ፒኮ 2 የሚባለው ትንሽ ቦርድ በ5 ዶላር ዋጋ የአርምም የሪስክ ፋይቭም ኮር (ስሌቱን የሚሠራው የፕሮሰሰር ክፍል) አንድ ላይ ይዟል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ አንድ አስመጣ፤ ያው ፕሮግራም በሁለቱ ላይ ሲሠራ እያነጻጸርክ ተማር።