የፎቶ ወረቀት ለምን ይጫራል? ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

ጥያቄ (ከዚራ ሰፈር ፎቶ ቤት ካላቸው የቡድናችን አባል)፦ ፒግመንት በሚባለው የፕሪንተር ቀለም ግሎሲ (አንጸባራቂ) ወረቀት ላይ የማትማቸው የሠርግ ፎቶዎች ደንበኛው እጅ ሳይገቡ ይጫራሉ። ጥፋቱ የወረቀቱ ነው ወይስ የቀለሙ?

መልስ፦ የሁለቱ አለመጣጣም ነው። ዳይ የሚባለው ሌላው የፕሪንተር ቀለም ሟሙቶ ወደ ወረቀቱ ሽፋን ይሰርጋል፤ ፒግመንት ግን ደቃቅ ጠጣር ብናኝ ስለሆነ አብዛኛው ከላይ ተኝቶ ይቀራል። የሙሽራውን ጥቁር ሱፍ ወደ መስኮት አዘንብለው ቢመለከቱት፣ ቀለም እምብዛም ባላረፈበት ነጭ ቬሎ ላይ የማይታየው ጭረት እዚያ ላይ እንደ ነጭ ክር ተሰምሮ ያገኙታል። ቀለሙን መለወጥ ካልቻሉ ሳቲን ወይም ሉስተር የሚባሉትን ወረቀቶች ይጠቀሙ፤ ሸካራ ገጻቸው ጭረትን ይሸሽጋል። ከሁሉ በፊት ግን ፎቶዎቹን 24 ሰዓት ያድርቋቸው፤ ፊት ለፊትም አይደርቧቸው።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ጥሩው ወረቀት የቱ ነው?

መልስ፦ የፕሪንተርዎን ቀለም ሳይገልጹ መልስ የለውም።

ጥያቄ (ከሳቢያን ሰፈር)፦ ግራሙ ከፍ ያለ ወረቀት አይጫርም ይባላል። ባለ 260 ልግዛ?

መልስ፦ ግራም የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው፤ ስለ ሽፋኑ ጥንካሬ የሚነግረን ነገር የለም። መጠየቅ ያለበት ሽፋኑ ነው። ማይክሮፖረስ (ደቃቅ ቀዳዳዎች ያሉት) የሚባለው በሲሊካ ወይም በአሉሚና ቅንጣቶች የተሠራ ሲሆን፣ ቀለሙን ወዲያው ወደ ውስጡ ይመጥጣል፣ ውኃንም በተሻለ ይቋቋማል፤ ሆኖም በቀዳዳዎቹ የሚገባው አየር፣ በተለይም ኦዞን የተባለው ጋዝ፣ ዳይ ቀለምን ያደበዝዛል። እንደ ጄላቲን ያለ ፖሊመር የተቀባው ሌላው ዓይነት ደግሞ እያበጠ ቀለሙን ውስጡ ስለሚሸፍን ከአየር ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ለፒግመንትም አይስማማም። ለመለየት ያልታተመበትን ጥግ በረጠበ ጣት ይንኩት፤ ቢያጣብቅ ሁለተኛው ነው።

አንድ አባል፦ ይህ ሁሉ ለምን? ፎቶውን ላሚኔት ማድረግ (በስስ ፕላስቲክ መሸፈን) ይበቃል።

ሌላ አባል፦ በድሬዳዋ ሙቀት እኮ ላሚኔሽን ይላቀቃል!

አንድ አባል፦ የሚላቀቀው ርካሹ ፕላስቲክ ነው።

መልስ፦ ክርክሩ ከጉዳያችን አያስወጣን። ላሚኔሽን ከጭረት ይጠብቃል፤ ነገር ግን ሳይደርቅ ከተሸፈነ እርጥበቱ ውስጡ ይታፈናል። አሁንም 24 ሰዓት እላለሁ።

ጥያቄ፦ ፎቶዬ ተጫረ፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በምን ቀለም፣ በየትኛው ወረቀት? ከላይ ያለውን አንብበው ይመለሱ።

ጥያቄ (ጀጎል ውስጥ ከሚኖሩ እናት)፦ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩትን የልጄን ፎቶ አቧራውን በነጠላዬ ብጠርገው ይጎዳል?

መልስ፦ አዎ፣ እናቴ፤ አቧራው ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ሽፋኑን ይፍቀዋል። በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ያራግፉት። ባለ መስታወት ፍሬም ውስጥ ሲያስገቡትም፣ መስታወቱ ፎቶውን እንዳይነካና እንዳይጣበቅበት ዙሪያውን ወፍራም ካርቶን ያስደርጉበት።