ጭራ ያለው ባሽ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ፕሮግራሚንግ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው። አጭር የባሽ ስክሪፕት ጽፌ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ጫንኩ። ላስነሳው ስል «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይለኛል። ፋይሉ ግን እዚያው ቁጭ ብሏል! የፋይሎቻችንን ለውጥ የምንከታተለው ጊት በሚባል ፕሮግራም ነው፤ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደግሞ «አንድ ቃል አርመሽ ጊት ላይ ፋይሉ በሙሉ ተቀይሯል ይላል» ብሎ ተቆጣኝ። ምን ይሻለኛል?
ጀማሪዋ፣ ከደብረ ሲና

መልስ፦ አይዞሽ ልጄ፣ ሰርቨሩ አልዋሸሽም። የለም ያለው ስክሪፕትሽን አይደለም። የመጀመሪያው መስመር ትእዛዞቹን የሚያስፈጽመውን ፕሮግራም፣ ባሽን፣ ይጠራል አይደል? ከዚያ መስመር ጫፍ ላይ ከዊንዶውስ የመጣ የማይታይ ምልክት አለ፤ ኮምፒውተር እያንዳንዱን ምልክት በቁጥር ነው የሚያውቀው፣ የዚህኛው 13 ነው። ሊኑክስ እሱንም የስሙ አካል አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ የሚፈልገው ጭራ ያለው ባሽ ነው። እንዲህ የሚባል ደግሞ በማሽኑ ውስጥ የለም።

አጎቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ እየጻፈ ነበር የሚተዳደረው። በዚያ ብርድ፣ ጋቢውን ተከናንቦ። መስመሩ ሊያልቅ ሲል ደወሏ ቅጭል ትላለች። ዘንጉን በግራ እጁ ገፋ ሲያደርገው ወረቀቱ አንድ መስመር ከፍ ይላል፣ ከዚያ ወረቀቱን የያዘው ክፍል ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። አንድ ግፊት፣ ሁለት ሥራ። በሽቦ የመጣ መልእክት በሚጽፈው መኪና፣ በቴሌታይፕ ላይ ግን ሁለቱ ተለያዩ፤ መመለሱ 13፣ አዲስ መስመር መውረዱ 10 ሆነ። ዶስና ዊንዶውስ ሁለቱንም ይዘው ቀሩ። ዩኒክስና ሊኑክስ 10 ትበቃናለች አሉ። የድሮው ማክ ደግሞ፣ እልህ የተጋባ ይመስል፣ 13ን ብቻ ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ማክ ኦኤስ ኤክስ ሲመጣ ነው ወደ 10 የዞረው።

እኔንም ቅዳሜዬን በልቶብኛል። ከዊንዶውስ የመጣ የከተሞች ዝርዝር ከራሴ ዝርዝር ጋር አልገጥም አለ። «አንኮበር» እና «አንኮበር»፣ በዓይን አንድ ናቸው። ፊደሉን ባስቆጥረው 6 አለኝ። በጣቴ ስቆጥር 5! ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ አፍጥጬ ቀረሁ። ስድስተኛዋ ያችው 13 ነበረች።

የጊቱም ነገር ያው ነው። ፋይሉን ስታስቀምጪ በየመስመሩ ጫፍ 13 ከገባ፣ ለጊት ሁሉም መስመር ተቀይሯል።

ኮድ የምትጽፊበት ፕሮግራም ቪኤስ ኮድ ከሆነ፣ ከታች በስተቀኝ «ሲአርኤልኤፍ» (13 እና 10 አብረው) የሚለውን ተጫኚና «ኤልኤፍ» (10 ብቻ) አድርጊው፣ አስቀምጪ፣ እንደገና ጫኚው። ይነሳል። ለጊት ደግሞ «ጊት አትሪቢዩትስ» የሚባለውን ፋይል ከፕሮጀክቱ ጋር አስገቡና የባሽ ስክሪፕቶች ሁሌም በኤልኤፍ ይሁኑ በሉት። እያንዳንዱ በየላፕቶፑ ሴቲንግ ያስተካክል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልወደውም፣ አንዱ መርሳቱ አይቀርም። የቆዩትን ፋይሎች አንዴ አስተካክላችሁ ለብቻው ኮሚት አድርጉት፣ ማለትም ጊት ላይ መዝግቡት፤ ከሌላ ሥራ ጋር ከተደባለቀ ያ ልጅ እንደገና ይቆጣሻል። ባች ፋይል፣ ማለትም የዊንዶውስ የራሱ ስክሪፕት ካለሽ ግን እሱን አትንኪው፣ በሲአርኤልኤፍ ይቆይ።