ጆሮዬ እያመመኝ ጓደኛዬን ተከትዬ ጠለቅኩ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ31 ዓመት ወንድ ነኝ፤ የምሠራው ዱባይ ነው። አምና የስኩባ፣ ማለትም አየር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ የመጥለቅ ኮርስ ጨረስኩና ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ፉጃይራ እየሄድን እንጠልቃለን። እሱ የቆየ ጠላቂ ነው፤ እንደ ድንጋይ ነው የሚወርደው። እኔ ጆሮዬ ቶሎ አይከፈትልኝም። ባለፈው ቅዳሜ ጉንፋን ቢጤ ጀማምሮኝ ነበር። ቀኑን እንዳላበላሽበት ብዬ እያመመኝ ተከተልኩት። ስወጣ የመጥለቂያ ማስኬ ውስጥ ደም አየሁ። አሁን ግራ ጆሮዬ ውኃ እንደገባበት ድፍን ብሏል። በሚቀጥለው ሳምንት ለእረፍት አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ጓደኛዬ በዋዜማው አንዴ እንጥለቅ ብሎ ቀጥሮኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ቀጠሮውን ይሰርዙ። ሌላውን ከዚያ በኋላ እናወራለን።

ባሕር ዳርቻ ላይ ስንቆም የሚጫነን አየር አንድ አትሞስፌር ነው። 10 ሜትር ሲጠልቁ ግፊቱ ሁለት ይሆናል፤ ከታምቡርዎ ጀርባ ያለው አየር ደግሞ በግማሽ ይጨመቃል። ከ10 ወደ 20 ሜትር ሲወርዱ ግን የሚጨምረው ያለውን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጆሮ በብዛት የሚጎዳው ታች ጥልቁ ላይ ሳይሆን ገና የመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ላይ ነው። ጓደኛዎ እንደ ድንጋይ የሚወርድባቸው ሜትሮች እነዚያው ናቸው።

ከመካከለኛው ጆሮ ወደ ጉሮሮ የምትወርድ ቀጭን ቱቦ አለች። ስናዛጋና ስንውጥ ትከፈታለች። ጠላቂ አፍንጫውን ይዞ በቀስታ እፍ ሲል በእሷ በኩል ነው አየር የሚያሳልፈው። ጉንፋን ሲይዘን ታብጣለች። ሳትከፈት ወደ ታች ከቀጠሉ ግፊቱ ራሱ ይዘጋትና ቢነፉም አትበገርም። ያኔ አለኝ ባሉት ጉልበት መንፋት የውስጠኛውን ጆሮ መስኮት የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ሊቀድ፣ የመስማት ችሎታን ለዘለቄታው ሊወስድ ይችላል። ሕመም ከተሰማ መድኃኒቱ አንድ ሜትር ያህል ወደ ላይ መመለስና እንደገና በቀስታ መሞከር ነው። እምቢ ካለ የዚያ ቀን መጥለቅ አበቃ።

ማስክዎ ውስጥ ያዩት ደም ሳይነስ ከሚባሉት የፊት አጥንት ክፍተቶች የመጣ ይመስለኛል። እነሱም አየር ስላላቸው እንደ ጆሮው ይጨመቃሉ። አንዴ ታይቶ ከቆመ ብዙም አያስፈራኝም። የሚያሳስበኝ ድፍን ያለው ጆሮ ነው። ከጉዞው በፊት ሐኪም በመሣሪያ ታምቡሩን ይይልዎ። ዙሪያው የሚሽከረከርብዎ፣ ጆሮዎ የሚጮህ ወይም መስማት የቀነሰ ከሆነ ግን ነገ አይበሉ፤ ዛሬውኑ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ታምቡሩ ካልተቀደደ ብዙውን ጊዜ በቀናት፣ ቢዘገይ በጥቂት ሳምንታት ይሻላል። ከተቀደደ ሐኪም መዳኑን እስኪያረጋግጥ ድረስ ውኃ ውስጥ አይገቡም። አንድ ነገር ላስቸግርዎ፦ አዲስ አበባ ሲደርሱ ጤና አዳም ጨምቆ ወይም ዘይት አሙቆ ጆሮዎ ላይ ሊያንጠባጥብ የሚነሳ ዘመድ አይጠፋም። እጁን ይያዙት።

ስለ በረራው። ብዙ ሰው በጀርባችን የምንሸከመው ኦክስጅን ይመስለዋል፤ ለመዝናናት በሚጠለቅበት ሲሊንደር ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ተራ አየር ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ናይትሮጅን። በግፊት ወደ ደምና ሥጋ ይገባል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ቀስ ብሎ ይወጣል። ቶሎ ከቀነሰ እንደተከፈተ አምቦ ውኃ አረፋ ይሠራል። አውሮፕላን ውስጥ ደግሞ ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ያነሰ ነው። ስለዚህ አንዴ ቀለል አድርገው ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግመው ከጠለቁ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ አይበረርም። እኔ ሙሉ 24 ሰዓት ይሁን ባይ ነኝ። ምክንያቱም ሌላው ሰው ሲያርፍ ወደ ባሕር ጠለል ይመለሳል፤ እርስዎ የሚያርፉት 2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ቦሌ ወርደው ሻንጣ ሲጎትቱም ያው አውሮፕላን ውስጥ እንዳሉ ይቁጠሩት። የባለፈው ቅዳሜው ናይትሮጅን እስከዚያ ይወጣል፤ የዋዜማው ግን አብሮዎት ይሳፈር ነበር።

በዚሁ ከፍታ የተነሳ ቦሌ ሲያርፉ ጆሮዎን ያን ያህል ላይሰማዎት ይችላል። ፈተናው ሲመለሱ፣ ዱባይ ሊያርፉ ሲሉ ነው። ጆሮዎ እንደተደፈነ ከሆነ ሐኪሙን ስለበረራው አስቀድመው ይጠይቁት። ያኔ አፍንጫ የሚከፍት ጠብታ ሊያዝልዎት ይችላል። ያንኑ ጠብታ ተማምነው ባሕር እንዳይገቡበት ብቻ፤ ታች ሳሉ ኃይሉ ካለቀ ሲወጡ አየሩ መውጫ ያጣል።

አሁን ወደ ጓደኛዎ። ጠላቂዎች «ባዲ» የሚሉት ሰው የቆመው አየር ቢያልቅብዎ ወይም አንዳች ቢገጥምዎ እንዲደርስልዎ ነው። አምስት ሜትር ቀድሞ የወረደ ሰው አይደርስም። ጥፋቱን ግን ለእሱ ብቻ አልሰጥም። እንደነገሩኝ ከሆነ ጆሮዎ ማመሙን አያውቅም። ይሉኝታ ነው የያዘዎት። ደግሞ ውኃ ውስጥ አፍ የለም፤ ያለው እጅ ነው። መዳፍን ዘርግቶ ግራ ቀኝ ማወዛወዝ፣ ከዚያ ጆሮን መጠቆም፤ በቃ ይገባዋል። አውራ ጣት ቀስሮ «ጎበዝ» ማለት ግን እዚያ «ወደ ላይ እንውጣ» ማለት ነው። በዚህ የተነሳ ሳይፈልጉ የወጡ ጥንዶች አይጠፉም።

ሲሻልዎ፣ ገና ጀልባው ላይ ሳላችሁ ይንገሩት። «ጆሮዬ ዘገምተኛ ነው። ገመድ ይዘን፣ እግራችንን ወደ ታች አድርገን እንወርዳለን። እኔ ስቆም ትቆማለህ» ይበሉት። ጆሮዎን ደግሞ ሕመም እስኪመጣ ሳይጠብቁ ከውኃው ወለል ጀምረው በየግማሽ ሜትሩ ይክፈቱ። የአየር መለኪያችሁንም ተያዩ፤ የመመለሻው ሰዓት አየሩ ቀድሞ ለሚያልቅበት ሰው ነው የሚቆረጠው። አኩርፎ «ታዲያ ለምን ኮርስ ወሰድክ?» ካለዎት፣ ማዕከሉ አስጎብኚ ጠላቂ እንዲመድብልዎ ይጠይቁ።