አገር ቤት እርሻ ለምታስቡ፦ ከትራክተሩ በፊት ዘሩን ጠይቁ

ዲሲና ቨርጂኒያ ሌት ተቀን ታክሲ ነድቶ ብር ያጠራቀመ ወገን አንድ ቀን «እርሻ ልጀምር ነው» ይላል። እሰየው! ግን ስለ ትራክተር ሲያወራ አምሽቶ የዘሩን ስም እንኳ አያውቅም። ብቆጣ አትቀየሙኝ።

1. ወረቀት። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ)፣ ውክልና፣ የመሬት ውል። ጨርሱና ቅጂ ያዙ።

2. ጤፍ። ቁንጮ የተባለውን የጤፍ ዝርያ ደብረ ዘይት ያሉ ተመራማሪዎች ምርታማውን ጤፍ ከነጩ ጋር አዳቅለው በ2006 እ.ኤ.አ. አወጡት። የጤፍ አበባ በጣም ደቃቅ ነው፤ የሚከፈተውም ማለዳ ለትንሽ ጊዜ ነው። በዚያች ሰዓት በማጉያ መነጽር እያዩ ነው የሚያዳቅሉት። ጤፍ ራሱን በራሱ ስለሚያራባ፣ ከሌላ ካልተቀላቀለ ከጎተራ መልሶ መዝራት ይቻላል።

3. በቆሎ። እዚህ ላይ ነው ብሩ የሚቀልጠው። ከባኮ የምርምር ማዕከል የወጣው ቢኤች 660 የተባለ በቆሎ ድቅል ነው፤ የተለያዩ የበቆሎ ዘሮች ተዳቅለው የተገኘ ማለት ነው። ጉልበቱ ያለው የመጀመሪያው ትውልድ ላይ ነው። ከምርቱ መልሳችሁ ከዘራችሁ ባሕርዩ ይበታተናል፣ ምርቱም ይወርዳል። ስለዚህ ዘር በየዓመቱ ይገዛል! የአንዱ ወዳጄ ወንድም «ዘር ከቤት አለ፣ ብርህን አታባክን» አለው። ለቁጠባ ነው። ነሐሴ ላይ የላከውን ፎቶ አይቻለሁ፤ አንዱ አገዳ ከሰው በላይ፣ አጠገቡ ያለው ወገብ የማይደርስ። ምርቱ ሲያንስ ወዳጄ ወንድሙን ሌባ አለው። ሰውየው ግን ሰባራ ሳንቲም አልነካም። እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። የእናታቸው ተዝካር ላይ እንኳ ለየብቻ ተቀመጡ። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ደግሞ ቢኤች 660 አምስት ወር ገደማ መሬት ላይ ይቆያል። ዝናብ ቶሎ በሚያቆምበት ቆላ ምን ይሠራል? ለዚያ የመልካሳ ምርምር ማዕከል ቶሎ ደራሽ በቆሎዎች አሉ። ጎረቤት ስለዘራው ብቻ አትዝሩ።

4. ጂኤምኦ፣ ማለትም ዘረመሉ በላቦራቶሪ የተለወጠ ዘር። ደላላ ምርጥ ዘርን ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ቁንጮም ቢኤች 660ም ጂኤምኦ አይደሉም፤ በተለመደው ማዳቀል የተገኙ ናቸው። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. የፈቀደችው ቢቲ ጥጥ ግን ጂኤምኦ ነው። እሱም የሚከላከለው የጥጥ ጓይ ትልን እንጂ ድርቅን አይደለም።

ብር ከመላካችሁ በፊት የዘሩን ከረጢት መለያ ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ። የዝርያው ስም፣ የተመረተበት ዓመት፣ የመብቀል አቅሙ በመቶኛ ይታይ። «ነገ እንልካለን» ካሉ ብሩም ነገ ይሂድ።