ስቲከሩን ከውስጥ በኩል አያስለጥፉ

«የምሠራበት ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ መስታወት ላይ ወፎች እየተጋጩ ይሞታሉ፤ የጭልፊት ምስል ያለበት ስቲከር ብንለጥፍ ይበቃል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። አይበቃም። እኔም ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ጥገና ኃላፊ ነኝ። ከእርስዎ ሕንፃ ፊት ለፊት ዛፍ እንዳለም ሳይነግሩኝ አውቄዋለሁ። እኔ የከፈልኩትን እርስዎ ደግመው እንዳይከፍሉ በተራ ቁጥር ልዘርዝርልዎት።

1. ጭልፊቱን ይተዉት። እኛ አራት ለጥፈን ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዲት ወፍ ከጭልፊቱ ክንፍ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብላ ተጋጭታ ሞተች፤ የደረቷ ላባ መስታወቱ ላይ እንደ ዱቄት ታትሞ ቀርቷል። የማይንቀሳቀስ ጭልፊት ለወፍ ጭልፊት አይደለም፤ መንገድ ላይ የቆመ አንድ ጥቁር ነገር ነው። እሱን ሸሽታ በጎኑ ልታልፍ ትሞክራለች። በጎኑ ያለው ደግሞ ዛፍና ሰማይ የሚያሳይ ባዶ መስታወት ነው። እኛንም ቢሆን የመስታወት በሩ እጀታና ክፈፉ ባያስጠነቅቁን ስንቶቻችን ግንባራችን በተተረተረ ነበር።

2. በጭልፊቱ ፋንታ ነጠብጣብ ያለበት ስቲከር ይለጥፉ። ነጠብጣቡ መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር ይሸፍን፤ በአንዱ ነጠብጣብና በሌላው መካከልም ከ5 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ክፍተት አይኑር። ትንንሽ ወፎች በቅርንጫፍ መሐል ሾልከው ማለፍ የለመዱ ናቸው፤ ሰፊ ክፍተት ካገኙ አልፋለሁ ብለው ይገባሉ።

3. ከውጭ በኩል ይለጠፍ። ይህን በአንድ መስመር ጽፌ ማለፍ ግን አልችልም።

በጀቱን ለማስፈቀድ ግዥ ክፍል ሦስት ጊዜ ደብዳቤ አስጽፎኛል። አንዱ ኃላፊ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ «ለወፍ ነው ገንዘብ የምትጠይቀው?» ብሎ ከአንገት በላይ ሳቀ። ቀጥሎም ችግሩ የሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች እንጂ የእኛ እንዳልሆነ አስረዳኝ። እኔም ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት መሠረት በአሜሪካ ብቻ በየዓመቱ ከ365 እስከ 988 ሚሊዮን ወፎች ከሕንፃ ጋር ተጋጭተው እንደሚሞቱ፣ ከእነዚህም የረጃጅም ሕንፃዎች ድርሻ ከመቶ አንድ እንኳን እንደማይሞላ ነገርኩት። የቀሩት የመኖሪያ ቤቶችና እንደ እኛ ያሉ ዝቅተኛ ሕንፃዎች ናቸው። ፈረመ። ሲፈርም ግን ቀና ብሎ አላየኝም።

ይህን ሁሉ ተከራክሬ ካሸነፍኩ በኋላ እጄን በእጄ ቆረጥኩ። ተቋራጩ «ከውስጥ እንለጥፈው፤ ዝናብና ፀሐይ አያገኘውም፤ መወጣጫም አያስፈልግም» ሲለኝ ምክንያቱ አሳማኝ መሰለኝና ተስማማሁ። የዓመቱ የጥገና በጀት ግማሹ በዚያ ሄደ። ከቢሮ ውስጥ ሆኜ ስመለከት ነጠብጣቡ ሰማዩ ላይ ተሰልፎ ሲታይ ያምራል። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ግቢው ወጥቼ ከዛፉ ሥር ቆምኩ። አንድም ነጠብጣብ የለም። መስታወቱ ላይ የሚታየው ዛፉ፣ ደመናውና አፌን ከፍቼ የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርን። ነጸብራቁ የሚፈጠረው በውጭው ገጽ ላይ ነው፤ ከኋላው የተለጠፈውን ይውጠዋል። (መጋረጃ ዝጉ የሚሉም እዚህ አይጠፉምና ልንገርዎት፤ መጋረጃም ከነጸብራቁ ኋላ ነው የሚቀረው።) በዚያው ሳምንት የጥበቃ ሠራተኛችን በደብተሩ ሰባት ወፍ መዘገበ።

ለተቋራጩ ስደውልለት «ውሉ ‹መስታወቱ ላይ› ይላል እንጂ ‹በውጭ በኩል› አይልም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ውሉን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ! ሦስት ቅዳሜና እሑድ በሳሙና ውኃና በምላጭ ስፍቅ ከረምኩ።

ለሁለተኛው ዙር ሥራ አስኪያጁን ያሳመንኩት በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ ባለው ማኮርሚክ ፕሌስ በተባለው የስብሰባ ማዕከል ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 በአንድ ሌሊት ብቻ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ወፎች እዚያ ሕንፃ ሥር ሞተው ተገኙ። በቀጣዩ ዓመት መስታወቱ በነጠብጣብ ተሸፈነና ሞቱ በ95 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ገንዘቡ እስኪለቀቅ ድረስ እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። መሰላል ተደግፌ በደረቅ ሳሙና የውጩን መስታወት መስመር በመስመር አሰመርኩበት። መልኩ አያምርም፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥርም መድገም አለ። ግን ይሠራል፤ የሳቁብኝ ሁሉ ውጤቱን በዓይናቸው አይተዋል። ዛሬ በዚያ በኩል ቋሚው ስቲከር አለ፤ የጥበቃው ደብተርም ወራት ሙሉ ባዶ ሆኖ ያልፋል።

ተጋጭታ የወደቀች ወፍ ካገኙ በአፏ ውኃ አይጨምሩባት። የእኛ ጥበቃ በቅንነት እንዲህ ሲያደርግ አንዷ እጁ ላይ ታንቃ ሞታለች። ትንንሽ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ውስጥ አድርገው ከድነው ጸጥ ያለ ቦታ ያስቀምጧት። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ጥፍሯ ካርቶኑን ሲቧጭር ከሰሙ ወደ ውጭ አውጥተው ከመስታወቱ ራቅ ብለው ይክፈቱላት። ክንፏ ከተሰበረ ወይም ካልነቃች ወደ እንስሳት ሐኪም ነው። የሌሊት መብራትም ያጥፉ፤ በሌሊት የሚሰደዱትን ወደ ሕንፃው ይስባቸዋል።

ውሉ ላይ «በውጭ በኩል» የሚለውን ቃል በእጅዎ ያስገቡ፤ ለተቋራጩ አይተዉለት። ከዚያ በፊት ግን ነገ ጠዋት ከዛፉ ሥር ቆመው የሕንፃውን ፎቶ ያንሡና ከዚህ መልስ ሥር ያስቀምጡልኝ። ወፎቹ የሚወድቁበትንም ቦታ ምልክት ያድርጉበት። እኛ ዘንድ ጥፋቱን ሁሉ ያደርስ የነበረው አንድ ጎን ብቻ ነው፤ የእርስዎም እንደዚያው ከሆነ የቀሩትን ሦስቱን ጎኖች ለመሸፈን የሚወጣው ገንዘብ ይተርፍዎታል።