«ሃያ ሰዎች ተገኘ»፦ ከሐዋሳ የመጡ የሰዋስው ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ከመናኸሪያ፦ የእድር ጸሐፊ ነኝ። ቃለ ጉባኤ ላይ «ሃያ ሰው ተገኘ» ብዬ ብጽፍ «ሰዎች ተገኙ» ብለው አረሙኝ። ማን ልክ ነው?

ሁለታችሁም። በአማርኛ ቁጥሩ ራሱ ብዛትን ስለሚናገር ስሙ «-ኦች» እንዲጨምር አይገደድም። ስህተት የሚሆነው «ሃያ ሰዎች ተገኘ» ሲባል ነው፤ ስሙ ከበዛ ግሱም ይበዛል። ለቃለ ጉባኤ ግን «ሃያ ሰዎች ተገኙ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ቀጥሎ «ተወያይተውም ተስማሙ» ለማለት ይመቻል።

ሲያርሙ መጀመሪያ ግሱን ያግኙ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰው ባለቤቱን ይፈልጉ። በመካከል ረዘም ያለ ሐረግ ሲገባ ዓይን ይስታል፦ «መዋጮ ያላጠናቀቁ አሥራ ሁለት አባላት በመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ አምስት መሠረት ይቀጣል»። «ይቀጣሉ» መሆን አለበት። «እያንዳንዱ» ካለ ደግሞ ሁሉም ወደ ነጠላ ይመለሳል፦ «እያንዳንዱ አባላት» ሳይሆን «እያንዳንዱ አባል ይከፍላል»።

ከአሞራ ገደል፦ «ስንት ዓሣ» ነው ወይስ «ምን ያህል ዓሣ»?

እንደ ዓሣው ሁኔታ ነው። ከጀልባ የወረደውን ቆሮሶ አንድ፣ ሁለት ብለው በፍሬ ሲቆጥሩ «ስንት ዓሣ ልስጥዎ?» ይላሉ። ቆዳው ተገፎ፣ አጥንቱ ወጥቶ ሥጋው ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ግን የሚቆጠር ፍሬ የለም፤ «ምን ያህል ዓሣ?» ወይም መለኪያውን አስገብተው «ስንት ኪሎ ዓሣ?» ይበሉ። «ስንት» ቁጥር ይፈልጋል። «ስንት ዘይት ልጨምር?» የሚለው ጥያቄ የጎደለው ማንኪያው ነው፦ «ስንት ማንኪያ ዘይት?»

ሻይ ቤት ገብተን «ሁለት ውሃ» ስንል ልክ የሚሆነው ጠርሙሱ ሳይነገር ስለሚታወቅ ነው። «ዘይቶች» የሚባለውም ዓይነቱ ሲለያይ እንጂ መጠኑ ሲበዛ አይደለም።

ከታቦር፦ «መምህራኖች» ይባላል?

አይባልም። «መምህራን» በግዕዙ ሥርዓት በዝቷል፤ «-ኦች» ሲጨመርበት ሁለት ጊዜ ማብዛት ይሆናል። «ሕፃናቶች»፣ «ቃላቶች» እና «አባላቶች»ም እንዲሁ። «መምህራን» ወይም «መምህሮች»፣ አንዱን ይምረጡ።

ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፦ በእንግሊዝኛ የዓረፍተ ነገር እርማት ላይ «ሜኒ ኢንፎርሜሽንስ» ለምን ስህተት ሆነብኝ?

«መረጃዎች» ብለሽ በአማርኛ ስላሰብሽው ነው። ኢንፎርሜሽን፣ አድቫይስ፣ ፈርኒቸር፣ ኢኩዊፕመንት እና ሆምወርክ በአማርኛ ይቆጠራሉ፣ በእንግሊዝኛ ግን አይቆጠሩም። ስለዚህ መጨረሻቸው ላይ «ኤስ»፣ ፊታቸው ላይ «ኤ» ወይም «አን» አይገባም፤ «ሜኒ» በ«መች»፣ «ፊወር» በ«ሌስ» ይተካል፤ ግሱም «አር» ሳይሆን «ኢዝ» ይሆናል። መቁጠር ግድ ከሆነ «ቱ ፒስስ ኦፍ አድቫይስ» ትያለሽ፤ የሚበዛው «ፒስ» ብቻ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። «ኪሎሜትርስ» በ«ኤስ» ስለጨረሰ ብቻ «ፊወር»ን አትምረጪ፤ ትክክሉ «ሌስ ዛን ፋይቭ ኪሎሜትርስ» ነው። ርቀት፣ ገንዘብና ጊዜ እንደ አንድ መጠን ስለሚታዩ «ሌስ»ን ይወስዳሉ።