በስክሪን በኩል ልባችሁን ልትከፍቱ ላሰባችሁ

ውድ ልጆቼ፣

ከብዙ ማመንታት በኋላ የኦንላይን የሥነ ልቦና ምክር ቀጠሮ ይዛችሁ፣ ቀኑ በቀረበ ቁጥር የምትሸበሩ ብዙዎች እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የሰውን ጭንቀት በመስማት ሥራ ላይ ነው፤ ለረጅም ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ የኮሮና ወረርሽኝ ሰውን ሁሉ ቤቱ ካዋለበት እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ደግሞ በአብዛኛው በቪዲዮ። ለድብርትና ለጭንቀት በቪዲዮ የሚሰጥ ሕክምና በአካል ከሚሰጠው ጋር የሚቀራረብ ውጤት እንዳለው ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል፤ እኔም በሥራዬ ያየሁት ይህንኑ ነው። ስለዚህ «እውነተኛ ሕክምና ይሆን?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ አይንሳችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ስክሪን ቶሎ መናገርንም ቶሎ መጥፋትንም ያቀልላል፤ ተስፋ አድርገው ጀምረው ሳይጠቀሙ የቀሩ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የተሰናከሉት ከሁለቱ በአንዱ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የሚሆነውን ልንገራችሁ። ከቀጠሮው በፊት ቅጾች ይላኩላችኋል። አንደኛው የስምምነት ቅጽ ነው፤ ረጅም ነው ብላችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ። የምትናገሩት ነገር በምስጢር እንደሚጠበቅ፣ ምስጢሩ የሚገለጥባቸው ጥቂት ሁኔታዎችም የትኞቹ እንደሆኑ እዚያ ላይ ተጽፏል። ዝርዝሩ ከአገር አገር ይለያያል፤ በአብዛኛው ግን ሕይወታችሁ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት በቅርብ አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ሕፃን ሲጎዳ፣ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝዝ ነው። ሌላው ቅጽ መጠይቅ ነው። ለድብርት በብዛት የሚሠራበት ፒ.ኤች.ኪው-9 የተባለው መጠይቅ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ ያለፉት ሁለት ሳምንታት እንዴት እንደነበሩ ይጠይቃል፤ ውጤቱም ከ0 እስከ 27 ይደርሳል። ቁጥሩ ከፍ ቢል አትደንግጡ። ባለሙያው ንግግሩን ከየት እንደሚጀምር ይጠቁመዋል እንጂ ብቻውን የበሽታ ፍርድ አይሰጥም።

የመጠይቁ የመጨረሻ ጥያቄ ሞትን ስለ መመኘትና ራስን ስለ መጉዳት ነው፤ ባለሙያውም በቃሉ ደግሞ ይጠይቃችኋል። እውነቱን መልሱለት። መጠየቁ በሰው አእምሮ ውስጥ ያልነበረ ሐሳብ አይተክልም። «አዎን፣ አንዳንድ ጊዜ ባልኖር እላለሁ» ማለታችሁም ወዲያውኑ ለቤተሰብ ወይም ለፖሊስ ስልክ ያስደውላል ማለት አይደለም፤ ሐሳብ መኖሩና አደጋው መቅረቡ የተለያዩ ናቸው፣ ልዩነቱን መለየትም የእኛ ሥራ ነው። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ «አሁን ያለህበት ቦታ የት ነው?» ወይም «ያለሽበትን አድራሻ ንገሪኝ» ብንላችሁም እንደ ቁጥጥር አትዩት። ከእናንተ የሚለየን ርቀት ነውና፣ ድንገት አንድ ነገር ቢፈጠር ርዳታ የምንልክበትን ማወቅ አለብን።

ክፍለ ጊዜው ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው በጥያቄ ያልቃል፤ ምን እንዳመጣችሁ፣ ችግሩ መቼ እንደ ጀመረ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት እንዴት እንደሆነ፣ የምትወስዱት መድኃኒት፣ መጠጥ፣ ቤተሰብ። ከየት እንደምትጀምሩ ከጠፋችሁ በወረቀት ጽፋችሁ አንብቡት፤ «ከየት እንደምጀምር አላውቅም» ማለትም ይቻላል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እኛ እየጠየቅን እናወጣዋለን። መፍትሔ ይዛችሁ እንደማትወጡ ግን ከወዲሁ እወቁ። ብዙዎች «ጠየቀኝ ጠየቀኝና ምንም ሳይለኝ ሰዓቱ አለቀ» ብለው ያዝናሉ። ሰውን ሳያውቅ ገና በመጀመሪያው ቀን መፍትሔ የሚያዘንብ አማካሪ ቢያጋጥማችሁ ይበልጥ ሊያሳስባችሁ ይገባል።

ወደ መጀመሪያው ስጋቴ ልምጣ። ጆን ሱለር የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰዎች በኢንተርኔት ሲገናኙ ፊት ለፊት የማይደፍሩትን እንደሚናገሩ አስረድቷል። በቪዲዮ ምክርም ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰውየው በገዛ ክፍሉ፣ በገዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ አማካሪው በእጁ መዳፍ ውስጥ ያለች ትንሽ ምስል ነው። ለዓመታት «ሆድ ይፍጀው» ብሎ የኖረውን ሁሉ በ30 ደቂቃ ያወጣዋል። ሲጨርስ ይቀልለዋል። ሌሊቱን ግን «ምን ነካኝ? ለማላውቀው ሰው ይህን ሁሉ?» እያለ ሲገላበጥ ያድርና ለሁለተኛው ቀጠሮ ሳይመጣ ይቀራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እሰማለሁ፣ እስማማለሁም። ሆኖም ሁሉንም በአንድ ቀን ማፍሰስ ግዴታ የለባችሁም። «ሌላም ነገር አለ፣ ዛሬ ግን አልነግርዎትም» ማለት ትችላላችሁ። ጥሩ አማካሪ ይህን ሲሰማ አይቀየምም፤ የት ላይ ቀስ ማለት እንዳለበት ስለነገራችሁት ደስ ይለዋል።

የምትነጋገሩበትን ቦታም ከወዲሁ አስቡበት። በር የሚዘጋበት ክፍል ከተገኘ መልካም፤ ካልተገኘ ቆሞ የተቀመጠ መኪና ውስጥ የሚነጋገሩም አሉ። ማዳመጫ አድርጉ፤ ቢያንስ የአማካሪው ድምፅ ለሌላ ሰው አይሰማም። በድንገት ሰው ቢገባ ወሬውን የምትቀይሩበት አንድ ቃል አስቀድማችሁ ተስማሙ። የሚያስፈራችሁ ሰው አብሯችሁ የሚኖር ከሆነ ወይም ስልካችሁን የሚፈትሽ ካለ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ለአማካሪው ንገሩት፤ ምናልባት ሌላ ስልክ፣ ሌላ ቦታ ወይም በአካል መገናኘት ሊያስፈልግ ይችላል።

አገልግሎቱን የሚሰጠውን ድርጅትም መርምሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በዘርፉ ገናና የሆነው ቤተርሄልፕ 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጓል፤ ምስጢራችሁን እጠብቃለሁ ብሎ ቃል ከገባ በኋላ የተጠቃሚዎቹን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ ዓላማ ለፌስቡክና ለመሰሎቹ አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ ነው። ይህን የምነግራችሁ ከሕክምናው ላሸሻችሁ ብዬ አይደለም። መረጃችሁ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ ንግግሩ ይቀረጽ እንደሆነ የመጠየቅ መብት ስላላችሁ ነው። አማካሪውንም የት እንደተማረና የሥራ ፈቃዱን ማን እንደሰጠው ጠይቁት። በጥያቄው የሚቆጣ ወይም «በአንድ ወር ፈጽሞ አድንሃለሁ» የሚል ሰው አይሁንባችሁ።

ስለ ስክሪኑ ራሱ ጥቂት ልበል። የገዛ ፊታችሁን እያያችሁ ስለ ሐዘናችሁ ማውራት ያደክማል፤ የራሳችሁን ምስል ደብቁት። አማካሪው ዓይናችሁን የማያይ ከመሰላችሁ የሚያየው ምስላችሁን ስለሆነ ነው፤ ካሜራውን ቢያይ ደግሞ እናንተን አያያችሁም። መስመሩ ቢቋረጥ ማን ለማን እንደሚደውል ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ዝምታ ሲመጣም ለመሙላት አትቸኩሉ። በአካል ስንገናኝ ዝምታ ቶሎ ይለመዳል፤ በቪዲዮ ግን «ተቋረጠ እንዴ?» ያሰኛል። ሲጨርሱ ወዲያው ወደ ሥራ ወይም ወደ ሌላ ቪዲዮ መግባትን አልወድላችሁም። ወደ ክሊኒክ ሄዶ የሚመለስ ሰው የሰማውን በመንገድ ላይ ያሰላስላል፤ እናንተ መንገዱ የላችሁምና 15 ደቂቃ ያህል ለራሳችሁ ተዉ።

ሁሉም ችግር ግን በስክሪን አይያዝም። ሌላው ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ራሱን ለመጉዳት ዕቅድ ያወጣ፣ ምግብ ከመተዉ የተነሣ ሰውነቱ የከዳው ሰው በአካል የሚያየው ሐኪም ያስፈልገዋል፤ አደጋው የቅርብ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። መድኃኒት የሚያስፈልግ ከሆነም በአብዛኛው የሚያዝዘው የሥነ አእምሮ ሐኪም እንጂ አማካሪው አይደለም።

የቀረኝ ቶሎ የመጥፋት ነገር ነው። ከክሊኒክ ወንበር ተነሥቶ «አልተመቸኝም» ብሎ ለመውጣት ድፍረት ይጠይቃል፤ ከስክሪን ለመጥፋት ግን አንድ ጣት ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመሻል ይልቅ ሆድ ሊብስ ይችላል፤ የተዳፈነ ቁስል ሲነካ ያማል፣ ብዙዎች የሚጠፉትም በዚህ ጊዜ ነው። ኤድዋርድ ቦርዲን የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 እንደጻፈው የአማካሪና የተመካሪ ግንኙነት የሚቆመው በሦስት ነገሮች ላይ ነው፤ በግቡ መስማማት፣ በሚሠራው ሥራ መስማማትና በመካከላቸው ያለው መተማመን። ሦስት አራት ጊዜ ከተገናኛችሁ በኋላ ከእነዚህ የትኛው እንደጎደለ ራሳችሁን ጠይቁና ለአማካሪው በግልጽ ንገሩት። «የምንነጋገርበት ነገር የመጣሁበት ጉዳይ አይመስለኝም»፣ «ባለፈው ያሉኝ ነገር አስከፍቶኛል» በሉት። በባህላችን ትልቅን ሰው እንዲህ ማለት እንደሚከብድ ይገባኛል። እዚህ ግን ነውር አይደለም፤ የሕክምናው አካል ነው። የተሰጣችሁን የቤት ሥራ ሳትሠሩ ብትቀሩም አፍራችሁ አትቅሩ፣ ኑና ለምን እንዳልሠራችሁት እንነጋገር።

ተነጋግራችሁም ካልተስማማችሁ ሌላ አማካሪ መፈለግ ክህደት አይደለም። ብቻ በዝምታ አትጥፉ። አንድ የመሰናበቻ ቀጠሮ ያዙ፣ ለችግራችሁ የሚስማማ ሌላ ባለሙያ እንዲጠቁማችሁ ጠይቁት። ፈቃዳችሁን በጽሑፍ ከሰጣችሁት እስካሁን የተሠራውን አጠቃልሎ ለአዲሱ ባለሙያ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ እናንተም ያን ሁሉ ታሪክ ከመጀመሪያው ደግማችሁ ከመናገር ትድናላችሁ።